የትራክተሩ ጉልበትና የገበሬው ጣት

ትራክተር ሲባል ለብዙዎቻችን ከተሜዎች በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ትልቁ የኋላ ጎማ፣ ወደ ላይ የቆመው የጭስ ማውጫና ከኋላ እየተገለበጠ የሚሄደው ጥቁር አፈር ነው። ስለ ግብርና መዘመን በየስብሰባው ስንነጋገርም የምንቆጥረው የትራክተሩን ብዛትና የፈረስ ጉልበቱን ነው። ትራክተር ግን ብቻውን አያርስም። ማረሻው፣ መከስከሻው፣ መዝሪያው፣ የመድኃኒት መርጫው በየተራ ከኋላው መታሰር፣ ሥራው ሲያልቅም መፈታት አለባቸው። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ሞተሩ ሳይሆን የሰው እጅ ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ እጅ ነው። የመቶ ፈረስ ጉልበት ባለው ሞተርና ብዙ መቶ ኪሎ በሚመዝን ማረሻ መካከል የአንድ ስንዝር ክፍተት አለች። ያቺን ክፍተት የመዝጋቱ ሥራ ለሰው ጣት ተትቷል። ጣት ደግሞ ያረጃል። ጉዳዩ የሜካኒኮች ብቻ ይመስላል። ማን እስከ ስንት ዓመቱ እንደሚያርስ፣ ማን ጣቱን እንደሚያጣና ማን ካሣ እንደሚከፍል የሚወስነው ግን ይኸው የማሰርና የመፍታት ሥራ ስለሆነ የሕግ ሰውንም፣ የባንክ ሰውንም፣ እርሻ ውስጥ ገንዘቡን ያስገባ ባለሀብትንም ይመለከታል።

ከምራን ወደ ብረት

በበሬ የሚያርስ ገበሬ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያያይዘው በምራን ነው። ምራን ቆዳ ነው። ይለመጣል፣ ይላላል፣ ይጠብቃል። ሞፈሩ ጥቂት ቢዛነፍ ምራኑ ይችለዋል። ብረት ከብረት ጋር ሲገናኝ ግን እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለም። ፒኑ ከቀዳዳው ፊት ለፊት ካልሆነ አይገባም፤ በቃ።

የመጀመሪያዎቹ ትራክተሮች ማረሻቸውን እንደ ጋሪ በአንድ መንጠቆ ይጎትቱ ነበር። ማሰሩ ቀላል ቢሆንም አደጋው ከባድ ነበር። ማረሻው ከመሬት ውስጥ ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ሲይዘው የትራክተሩ የፊት ጎማዎች ይነሡና ትራክተሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ ነጂው ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ1884 በአሁኗ ሰሜን አየርላንድ የተወለደው ሃሪ ፈርጉሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የትራክተሮችን አሠራር እንዲያሻሽል ሥራ ሲሰጠው ያጋጠመው ችግር ይኸው ነው። መፍትሔውም ማረሻውን መጎተት ትቶ የትራክተሩ አካል ማድረግ ሆነ። ከታች ሁለት ክንዶች፣ ከላይ አንድ ዘንግ፣ በአጠቃላይ ሦስት መያዣ ነጥቦች፣ ማረሻውንም በሀይድሮሊክ የሚያነሣና የሚያወርድ ፓምፕ ተበጁ። ማረሻው ሲይዘው የሚመጣው ግፊት በላይኛው ዘንግ በኩል የትራክተሩን አፍንጫ ወደ ታች ይጫነዋል። ዛሬ በዓለም ላይ ያለው ትራክተር ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የፈርጉሰንን ሦስት ነጥብ ከኋላው ይዞ ይዞራል።

ለሕግ ሰው የዚህ ፈጠራ ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1938 ከሄንሪ ፎርድ ጋር የተስማማው በጽሑፍ ውል ሳይሆን እጅ በመጨባበጥ ነበር። በተከታዩ ዓመት ፎርድ የፈርጉሰንን ሥርዓት የያዘ ትራክተር ለገበያ አቀረበ። የማስተዋወቂያው ዕለትም የ8 ዓመት ልጅ እንዲያርስበት ተደረገ። ከጦርነቱ በኋላ የፎርድ የልጅ ልጅ ስምምነቱን ሲያፈርስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1948 የ251 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1952 ጉዳዩ በ9.25 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ተዘጋ። ውላችሁን በጽሑፍ አድርጉ ብለን ደንበኞቻችንን ስንመክር ይህን ታሪክ ብንጠቅስ አያሳፍረንም።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የዚያን ጊዜው የፈርጉሰን ትራክተር ትንሽ ነበር፤ ማረሻውም ቀላል። ዛሬ ግን ሦስቱ ነጥቦች በደረጃ ተከፍለዋል። በትንንሾቹ ትራክተሮች (አንደኛ ደረጃ) የታችኛው ፒን ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር ነው። በመካከለኞቹ (ሁለተኛ ደረጃ) 28 ሚሊ ሜትር፣ በትልልቆቹ (ሦስተኛ ደረጃ) ወደ 37 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሞተሩ አደገ፣ ማረሻው ከበደ፣ ፒኑም ወፈረ። የሰው እጅ ብቻ በነበረበት ቀረ።

“እኩል አድርግ” ማለት ምን ማለት ነው?

አሠራሩ በጽሑፍ ሲታይ ቀላል ነው። ነጂው ትራክተሩን ወደ መሣሪያው ቀጥ አድርጎ ወደ ኋላ ያመጣል። የክንዶቹን ጫፍ ከመሣሪያው ፒኖች ጋር እኩል ያደርጋል። የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ሞተር አጥፍቶ ይወርዳል። መጀመሪያ የግራውን ክንድ፣ ቀጥሎ የቀኙን ያስገባል፤ በመጨረሻ የላይኛውን ዘንግ ያስራል። ግራው የሚቀድመው በብዙ ትራክተሮች ላይ ከፍታው በእጅ መዘውር የሚስተካከለው የቀኙ ክንድ ስለሆነ ነው። የማይንቀሳቀሰውን አስቀድሞ የሚንቀሳቀሰውን ወደሱ ማምጣት ይሻላል።

ችግሩ ያለው “እኩል ያደርጋል” በምትለው ሐረግ ውስጥ ነው። በፒኑና በቀዳዳው መካከል ያለው ክፍተት ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ብዙ ቶን የሚመዝን ትራክተር ወደ ኋላ እየነዱ፣ አንገትን አዙረው፣ በሚሊ ሜትር ልክ ማቆም የማይታሰብ ስለሆነ ቀሪውን የሚያሟላው እጅ ነው። ክንዱን ወደ ጎን መግፋት፣ ማንሣት፣ ማዞር፣ መሣሪያውን በድጅኖ ማንቃነቅ፣ ፒኑን በመዶሻ መምታት፣ በመጨረሻም ጠንካራ ስፕሪንግ ያላትን ባለ ቀለበት መቆለፊያ በአውራና በአመልካች ጣት ቆንጥጦ ማስገባት አለ። ወጣት ይህን በአምስት ደቂቃ ጨርሶት ይሄዳል። መሬቱ ተዳፋት፣ ፒኑ የዛገ፣ እጁም ያረጀ እንደሆነ ግን ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ጣት ሲያረጅ

የሰው የመጨበጥ ኃይል ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ነው። ከሃምሳ በኋላ ቅናሹ ጎልቶ ይታያል። ሃምሳን ለተሻገርን ሰዎች ይህ ከመጽሐፍ የምናነበው ነገር አይደለም፤ የውኃ ጠርሙስ ክዳን በየጊዜው ያስታውሰናል። የኃይል መቀነስ ግን የችግሩ ግማሽ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቁርጥማት ነው። ለዓመታት በሠራ እጅ ላይ ቶሎ ከሚጎዱት መገጣጠሚያዎች አንዱ የአውራ ጣት ሥር ነው። በጣት ጫፍ የምትደረግ ትንሽ ቁንጥጫ እዚያ መገጣጠሚያ ላይ የምታርፈው ብዙ እጥፍ ሆና ነው። ስለዚህ ገበሬው ከባዱን ማረሻ በድጅኖ እያንቀሳቀሰ፣ ትንሿን የመቆለፊያ ቀለበት መክፈት ሲያቅተው ሊያስገርመን አይገባም። ሦስተኛው የስሜት መደንዘዝ ነው። መሪና መሣሪያ ሲነዘር የኖረ እጅ ነርቩ ሊጎዳ ይችላል። የትራክተር ፒን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዓይን ሳይሆን ከብረት ጀርባ በዳሰሳ ነው። የማይሰማ ጣት ቀዳዳውን አያገኝም። ከዚህ የባሰው ደግሞ በሁለት ብረት መካከል መግባቱን ቶሎ አያውቅም። በማለዳ ብርድ እነዚህ ሦስቱ ተደምረው ይመጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። አማካይ የሴቶች የመጨበጥ ኃይል ከወንዶች በግልጽ ያነሰ ነው። ስለዚህ ለአዛውንቱ የከበደው ፒን ለወጣቷ ገበሬም የተመቸ አልነበረም። እርጅና አዲስ ችግር አላመጣም። መሣሪያው ከመጀመሪያው ለአንድ ዓይነት እጅ፣ ለጎልማሳ ወንድ እጅ፣ እንደተሠራ አጋለጠ እንጂ።

የሚዞረው ዘንግና የታመቀው ዘይት

ከሦስቱ ነጥቦች ሌላ እጅ የሚፈልጉ ሁለት ግንኙነቶች አሉ። አንደኛው ፒ.ቲ.ኦ. የሚባለው፣ የሞተሩን ዙር ወደ መሣሪያው የሚያስተላልፈው ዘንግ ነው። የተለመደው ዓይነት 35 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 6 ጥርሶች አሉት። ሲያገናኙት ቀለበቱን በአንድ እጅ ወደ ኋላ ስቦ ወይም ቁልፉን ተጭኖ ይዞ፣ በሌላው እጅ ከባዱን ዘንግ አንሥቶ ጥርስ ከጥርስ እያገጣጠሙ መግፋት ነው። ለአርጃ እጅ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ኃይልና ቁንጥጫ በአንድ ጊዜ ይጠይቃልና።

ይህ ዘንግ ሥራ ላይ ሲሆን በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለትም በሴኮንድ 9 ጊዜ ይዞራል። መከለያ የሌለው ዘንግ የነጠላ ጫፍ ወይም የተንጠለጠለ እጅጌ ቢይዝ በሴኮንድ 1 ሜትር ያህል ይጠቀልላል ማለት ነው። የሰው እጅ ለመሸሽ ጊዜ የለውም። ማሰርና መፍታት የከበደው ሰው ደግሞ ለመገናኛው መድረስ እንዲቀለው የፕላስቲክ መከለያውን አውልቆ ይጥለዋል። አደጋው የሚጸነሰው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው የሀይድሮሊክ ቱቦ ነው። መሣሪያው ፀሐይ ላይ ሲውል በቱቦው ውስጥ የታመቀው ዘይት ይሰፋና መገናኛውን በእጅ መግፋት አይቻልም። ብዙዎች ይህን የጉልበት ማነስ አድርገው ይወስዱታል። ጠንካራም ቢገፋው ግን የታመቀው ዘይት አይለቅም። መፍትሔው ከመፍታት በፊት መሣሪያውን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ሞተር አጥፍቶ፣ የሀይድሮሊኩን ማንሻ ወደፊትና ወደ ኋላ በማድረግ ግፊቱን ማስወጣት ነው።

የእኛስ ጉዳይ ነው ወይ?

የገበሬዎች እርጅና የበለጸጉት አገሮች ችግር ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነትነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው የአሜሪካ የግብርና ቆጠራ የገበሬው አማካይ ዕድሜ 58.1 ዓመት ነበር። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 እርሻን ከሚመሩት ውስጥ ከ57 በመቶ በላይ የሚሆኑት 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበሩ። በጃፓን በዚያው ዓመት የዋነኞቹ ገበሬዎች አማካይ ዕድሜ 67.8 ደርሶ ነበር። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ የግብርና ሕግ አካላቸው የተጎዳና ቁርጥማት የያዛቸው ገበሬዎች በሥራቸው እንዲቆዩ የሚያግዝ አግረቢሊቲ የተባለ ፕሮግራም አቋቁመዋል። ባለሙያ እርሻው ድረስ ሄዶ ይህን ፒን በዚህ ቀይር፣ እዚህ ላይ መወጣጫ ጨምር እያለ ይመክራል።

የእኛ አገር ሕዝብ ወጣት ነው። ነገር ግን ወጣቱ ወደ ከተማ ሲያማትር መሬቱና ትራክተሩ በእነማን እጅ እንደሚቀሩ መገመት አያዳግትም። ደግሞም ለገበሬ ጡረታ የለውም። የቢሮ ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ይሰናበታል፤ ገበሬ የሚሰናበተው አቅሙ ሲከዳው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እኛ ዘንድ ችግሩ መልኩን ቀይሮ ይመጣል። ትራክተር በአርሲ ከጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት ዘመን፣ ከ1960ዎቹ መባቻ ጀምሮ የታወቀ ነው። ዛሬም በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች በኪራይ ይዞራል። በዚህ ዓይነቱ ሥራ መሣሪያ የሚታሰረው በሁለት ሰው ነው። ነጂው ወደ ኋላ ይነዳል፤ ረዳቱ በትራክተሩና በማረሻው መካከል ቆሞ “ና! ና! በቃ!” ይላል። የአሜሪካው አዛውንት ብቻውን ሲታገል፣ የእኛው አዛውንት እጁ ያልቻለውን ለወጣቱ ረዳት ያስተላልፋል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። እዚህ ግን ሁለተኛው ሰው የቆመው ትራክተሩ ትንሽ ቢያልፍ በሚጨፈለቅበት ቦታ ላይ ነው። የነጂው እግር ከፍሪሲዮኑ ቢንሸራተት በሞተሩ ጩኸት ውስጥ የረዳቱን ድምፅ የሚሰማ የለም። እርጅናን በሌላ ሰው አካል ላይ ማሻገር መፍትሔ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

ረዳቱ ሠራተኛ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን ከአደጋ የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትንም አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቅድም። በትራክተርና በማረሻ መካከል መቆም አደገኛ ካልሆነ ምን አደገኛ ይባላል?

ተጎጂው ተቀጣሪ ያልሆነ፣ ለምሳሌ ሊያግዝ የመጣ ጎረቤት ከሆነ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 አለ። የማሽን ወይም የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጥፋት መሥራቱ ባይረጋገጥም። አዲስ አበባ ተቀምጠው ትራክተር ገዝተው የሚያከራዩ ወገኖቻችን ይህን ቁጥር በደንብ ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል።

እጁ የደከመውን ሠራተኛ በተመለከተ ደግሞ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው መሣሪያውንና የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችለት ያዛል። ቁርጥማት ሁሉ የአካል ጉዳት ነው ማለቴ አይደለም። መርሁን ግን ልብ እንበል፤ ሕጉ መሣሪያው ለሰውየው ይስተካከል ይላል። ለራሱ የሚያርሰው ገበሬ ግን አሠሪ ስለሌለው ይህን መብት ማንን ይጠይቅ? እዚህ ላይ ሕጉ ዝም ይላል። ክፍተቱን መሙላት የሚችሉት ትራክተር የሚያስመጡት፣ በብድርና በኪራይ የሚያቀርቡትና ደረጃ የሚያወጡት ናቸው።

ምን ይደረግ?

ገንዘብ ከማያስወጣው ልጀምር። መሣሪያን የማሰር ሥራ የሚጀምረው በሚፈታበት ቀን ነው። ማረሻው ሲፈታ ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ፣ ከሥሩ ጣውላ ተደርጎለት፣ በክንዶቹ ከፍታ ልክ ከቆመ በሚቀጥለው ወር ማሰሩ በግማሽ ይቀልላል። ተዳፋት ላይ ተጥሎ ጭቃ ውስጥ የሰጠመ ማረሻ ግን የጎረምሳም ወገብ ይሰብራል። ፒኖችን ከዝገት ማጽዳትና ግራሶ መቀባት፣ ትንንሾቹን ቀለበቶች ሙሉ እጅ በሚይዛቸው መተካት ወይም ጠንካራ ገመድ ማሰር፣ በእጅ ከመግፋት ይልቅ በድጅኖ ማንቃነቅ ወጪያቸው እዚህ ግባ አይባልም። ቀዳዳው መግጠሙን በጣት መፈተሽ ግን በፍጹም አይገባም። ትራክተሩ ሲንቀሳቀስም ማንም መካከል አይቁም፤ ረዳቱ የሚጠጋው ሞተር ጠፍቶ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ነው።

ቀጥሎ መጠነኛ ወጪ የሚጠይቀው ይመጣል። ጫፋቸው ተስቦ የሚረዝም የታች ክንዶች አሉ። ነጂው በግምት ካቆመ በኋላ ጫፉን ስቦ ፒኑ ላይ ያስገባል። ከዚያ ትራክተሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሲያመጣው ጫፉ ወደ ቦታው ተመልሶ ይቆለፋል። ሚሊ ሜትሩን የሚያስተካክለው ሞተሩ ሆነ ማለት ነው።

የበለጠው ፈጣን ማያያዣ የሚባለው ነው። በአውሮፓ ትራክተሮች ላይ የክንዶቹ ጫፍ መንጠቆ ሆኖ፣ መሣሪያው ላይ ያለውን የብረት ኳስ ከሥር ገብቶ ያነሣዋል፤ መቆለፊያውም በራሱ ይዘጋል። ሌላው ዓይነት ትራክተሩ ላይ የሚታሰር ባለ ሦስት ማዕዘን ፍሬም ሲሆን፣ መሣሪያው ላይ በተበየደ አቻው ውስጥ ገብቶ ይይዛል። በሁለቱም ነጂው ከመቀመጫው ሳይወርድ ሦስቱን ነጥቦች ማሰር ይችላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ፍሬሙ መሣሪያውን ከትራክተሩ ጥቂት ስለሚያርቀው የፒ.ቲ.ኦ. ዘንጉ ርዝመት በቂ መሆኑ መታየት አለበት። ዘንጉንም በእጅ ማገናኘቱ አይቀርም።

ትራክተር ስንገዛ የምንጠይቀው ዋጋውን፣ የፈረስ ጉልበቱንና የመለዋወጫውን አቅርቦት ነው። ሦስቱም ተገቢ ናቸው። ባንኩ፣ የገበሬዎች ዩኒየኑ፣ የኪራይ ድርጅቱ አራተኛ ጥያቄ ቢጨምሩስ? የስልሳ ዓመት ሰው ይህን ማረሻ ብቻውን፣ ያለ ረዳት፣ በስንት ደቂቃ ያስረዋል? ሻጩ በብሮሹር ሳይሆን በተግባር፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ያሳይ። ማሳየት ካልቻለ፣ የገዛነው ትራክተር የሚያገለግለን ጉልበታም ረዳት እስካለ ድረስ ብቻ እንደሆነ አውቀን ዋጋውን እንደራደር።